የመሪጌታ ጾመኞች

የመጀመሪያውን ዓሣ የገደልኩት እኔ ነኝ። አባቴ አይደሉም፤ ሐቢብም አይደለም፤ የደብረ ብርሃን ብርድም አይደለም። አስቀድሜ የምናዘዘው በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ሰው ላይ ስለምጮህ ነው። ቁጣዬ ቅርብ ነው፤ ሳቄ ደግሞ ከቁጣዬም ይቀርባል። ከጎረቤት ጋር የሚያኖረኝ እሱ ነው።

አባቴ መሪጌታ ወልደተንሣኤ አንኮበር ላይ አርባ ዓመት ዜማ አስተምረዋል። እናቴ ካረፈች ወዲህ ዳገቱ ላይ ባለው ቤታቸው ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ባለፈው ክረምት ጭቃ አንሸራትቷቸው ከደጃቸው በታች ወደቁና ግማሽ ቀን ሙሉ የሚያነሳቸው ሰው አጡ። ጎናቸው ሲሻላቸው እየለመንኩም እየተቆጣሁም ደብረ ብርሃን እኔ ዘንድ አመጣኋቸው። እኔ የተማሪ ደንብ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሳሎኔም ሱቄም አንድ ነው።

እሳቸው መጡ፣ መቋሚያቸው ግን አልመጣም። ቅዳሴ ሲሄዱ የሰው መቋሚያ እየተዋሱ ይቆማሉ። «ልሂድና ላምጣልዎት» ብላቸው፣ «መቋሚያዬ ያለበት ነው ቤቴ። እዚህ እንግዳ ነኝ» አሉኝ።

የሁዳዴ ሁለተኛ ሳምንት ላይ፣ ምሳ እየበላን፣ «ሰኞ እሄዳለሁ» አሉ።

«ምን ጎደለብዎት?»

«ምንም አልጎደለብኝ። የጎደለ ቢኖርማ እሱን ስሞላ እውል ነበር። ሠናይት፣ አርባ ዓመት ሙሉ ስነቃ ደጄ ላይ የሚጠብቀኝ ተማሪ ነበር። እዚህ ማን ይጠብቀኛል? የስፌት መኪናሽ?»

አንጀቴን በሉት። ብቆጣ ይቀለኝ ነበር፤ ግን ሐቃቸውን ነበር።

በማግስቱ፣ ዓርብ ዕለት፣ ስልኬን ላሠራ ሐቢብ ሱቅ ገባሁ። ሐቢብ የአልዩ አምባ ልጅ ነው፤ ከአንኮበር ቁልቁል ያለው አገር። ስልክ ይጠግናል፤ ጎን ለጎን የጌጥ ዓሣም ይሸጣል፤ ከጠረጴዛው ኋላ አንድ ትልቅ አኳሪየም አለው። ጠጋ ስል ወርቃማዎቹ ዓሦች ካሉበት ሁሉ ተሯሩጠው መስታወቱ ላይ ተደረደሩ። አፋቸውን ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ እያደረጉ ያዩኛል።

«ምን ፈልገው ነው?» አልኩት።

«ምንም። ሰው ሲያዩ እንዲህ ናቸው፤ ይጠብቃሉ።»

ይጠብቃሉ! እዚያው ቆሜ ሳቄ አመለጠኝ። መቶ ሊትር የሚይዝ አኳሪየም፣ ማጣሪያውንና አንድ ቆርቆሮ የዓሣ ምግብ ገዛሁ። ዓሣ ስለው ግን ሐቢብ እጁን አጣጠፈ።

«ዓሣ ዛሬ አልሸጥልሽም፣ እህቴ።»

«ለምን?»

«መጀመሪያ ውሃውን ታዘጋጂያለሽ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው፤ በጀሪካን ቀድተሽ ክዳኑን ከፍተሽ አንድ ሁለት ቀን ታሳድሪዋለሽ። ከዚያ ማጣሪያውን አስነስተሽ ባዶውን ሦስት ሳምንት ታሠሪዋለሽ። ውሃው እስኪበስል ነው። ከዚያ ነይ፤ በኔ ይሁንብሽ፣ መልካም መልካሙን መርጬ እሰጥሻለሁ።»

«ሦስት ሳምንት?» ጮህኩ። ሰኞ ሊሄዱ ሦስት ቀን ቀርቷቸው እኔ ሦስት ሳምንት ባዶ ውሃ ላሳያቸው? ሐቢብ ጾመኛ ነው፤ ዘንድሮ ረመዳንና ሁዳዴ ገጥመዋል፤ ጾመኛ ላይ ከዚህ በላይ መጮህ ነውር ስለሆነ ዕቃዬን ይዤ ወጣሁ። ቅዳሜ ጠዋት እሱ እንዳያየኝ በጓሮ ዞሬ፣ ሌላ ሰፈር ከማላውቀው ሻጭ አራት ወርቃማ ዓሦች በፌስታል ይዤ ገባሁ። ከቧንቧው በባልዲ ሞላሁና ጨመርኳቸው። አቤት ሲያምሩ! ሳሎኔ ውስጥ ደስታዬን ለብቻዬ ጨፈርኩት።

አሥር ሰዓት ላይ አንዱ ጀርባው ላይ ተንሳፈፈ።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ፤ እኔ የለቀምኩት በጭልፋ ነው። ወደ ሐቢብ ደወልኩና ከሌላ ሻጭ መግዛቴን ጭምር ተናዘዝኩ። አልተቆጣኝም፤ ባይቆጣኝ ይባስ አፈርኩ። ባደረ ውሃ ሩቡን ቀይሪ፣ ምግብ ዛሬ አትስጪ፣ ሌላውን አላህ ያውቃል አለኝ።

አባቴ ይህን ሁሉ ከወንበራቸው ሆነው ሲያዩ ቆይተው ተነሱ። መነጽራቸውን አደረጉና ጭልፋው ላይ ያለውን አዩ፤ የቀሩትን ሦስቱን አዩ፤ እኔን አዩ።

«እነዚህንስ ማን ሊይዛቸው ነው?»

«እርስዎ ሰኞ ከሄዱ እኔ ነኛ።»

«ምስኪኖች!» አሉ፤ ለኔ እንዳልሆነ ግልጽ ነበር። መነጽራቸውን አወለቁና፣ «በይ ስሚ። እስከ ትንሣኤ አብሬያቸው እቆያለሁ። እነሱ በሕይወት ከከረሙ እኔም እኖራለሁ፤ ከሞቱ ግን በዚያው ቀን አንኮበር እገባለሁ፤ ያን ጊዜ ልቅሶም ልመናም የለም» አሉ።

ተስማማሁ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የአባቴ ነገር የጣት ርዝመት ባላቸው ሦስት ፍጡራን እጅ ወደቀ። እጅ እንኳ የላቸውም።

በሦስተኛው ቀን ስም ወጣላቸው። ሁለቱ ፊት ለፊት እየተያዩ መቆም ስለሚወዱ፣ እንደ ማኅሌት አሰላለፍ፣ አንዱ ቀኝ ጌታ አንዱ ግራ ጌታ ተባሉ። ሦስተኛው ትንሹ ከኋላ ከኋላ እየተከተለ የሁለቱን ስለሚደግም ተማሪው ተባለ። አባቴ ጠዋት ሲነሱ ሦስቱም መስታወቱ ላይ ይደረደራሉ፤ እሳቸውም «እንዴት አደራችሁ» ይላሉ። ብርዱ ሲጠና ጋቢያቸውን አኳሪየሙ ላይ አልብሰው አገኘኋቸው። ሐቢብ እነዚህ ብርድ ይችላሉ፣ እንደኛ የቆላ ልጆች አይደሉም እያለ ቢስቅባቸው፣ «ብርድ የሚችል ሁሉ ብርድ ይወዳል ያለህ ማነው?» አሉት። እኔ ቤት ከመጡ ወዲህ ሲቀልዱ የሰማሁት የዚያን ቀን ነው፤ የምሰፋውን ሱሪ አንድ እግር ዘግቼ ሰፋሁት።

ግን አበዙት። ሐቢብ በቀን አንዴ፣ በሁለት ደቂቃ የሚጨርሱትን ያህል ብቻ ብሏል። አባቴ ጠዋት ይሰጣሉ፤ እኩለ ቀን ይሰጣሉ፤ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ይሰጣሉ። አንድ ቀን ደግሞ የቆርቆሮውን ምግብ አሽትተው ሐቢብን በስልክ ከምን እንደተሠራ ጠየቁት። ሐቢብ የዋህ ነው፤ ከዓሣ ዱቄት አላቸው።

«ዓሣ ዓሣን? ያውም በሁዳዴ? በኔ ቤት?»

በኔ ቤት አሉ! ደስ ብሎኝ ነገሩን ሳላጣራ ቀረሁ። ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። ቆርቆሮው ቁም ሣጥን ላይ ተሰቀለ፤ ለዓሦቹ የጾም ምግብ ተፈለገላቸው፤ የጾም ምግብ ደግሞ በኛ አገር ምን እንደሆነ የታወቀ ነው። በሶ።

ጎረቤቴ እትዬ ደመቀች በሶዋ የታወቀ ነው። ዓሣ ልታይ የመጣች ዕለት ባዶ እጇን አልመጣችም፤ ቆማ አልሄደችም። «እኛ ቡና እየጠጣን እነሱ አየር ሲያኝኩ!» ብላ አንድ ቁንጥር ጣል አደረገች። ከሷ በኋላ የእድሩ ሴቶች መጡ፤ እያንዳንዷ «በሞቴ» እያለች አጎረሰች። ዓሣን በሞቴ! ሳቅኩ፤ አልከለከልኩም። እንግዳ ተቀምጦ እያየ የማያጎርስ ሰው እኛ ዘንድ ከየት ይመጣል?

ማክሰኞ ጠዋት ስነሳ አኳሪየሙ የለም። ማለቴ አለ፤ ግን ውሃው ነጥቶ ወተት መስሏል። ሦስቱም ዓሦች አናት ላይ ወጥተው አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው ያለከልካሉ። ተማሪው ጎኑ ላይ ዘንበል ብሏል። አባቴ አጠገቡ ቆመው፣ እጃቸው ላይ በሶ።

ከዚያ ያልኩትን ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይግላል።

«ሆን ብለው ነው አይደል? እንዲሞቱልዎት ነው! ሞቱ ብለው ዛሬውኑ አንኮበር ሊሄዱ! ለምን በግልጽ አይነግሩኝም ነበር፣ አባዬ? ለምን እነዚህን...»

ተቆጥቼም እርስዎ ማለት አልለቀቀኝም፤ አስተዳደግ ክፉ ነው። አባቴ በሶውን ወደ ኪሳቸው መለሱና ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

ወዲያው ደወልኩለትና ሐቢብ መጣ። ውሃውን አየ፣ አሸተተ፣ ከፌስታል ውስጥ አንድ ቆሻሻ ስፖንጅ አወጣ።

«ይሄ ከኔ ማጣሪያ ነው፤ ያንቺው ማጣሪያ ውስጥ ይገባል።»

«ይሄ ቆሻሻ?»

«እህቴ፣ እርሾ ነው። ሊጥ ያለ እርሾ ይቦካል? ውሃም እንደዚያ ነው። ቆሻሻውን የሚበላ በዓይን የማይታይ ሕይወት አለ፤ ሦስት ሳምንት ጠብቂ ያልኩሽ እሱ እስኪፈጠር ነበር። ማጣሪያውን ደግሞ እንዳታጥቢው። ላለቅልቀው ካልሽም ከዚሁ ውሃ ቀድተሽ ነው፤ በቧንቧ ውሃ ያጠብሽው ቀን እርሾውን ገደልሽ።»

ያደረ ውሃ በጀሪካን ነበረኝ። ሩቡን ቀዳን፣ ሩቡን በቀስታ ሞላን። ሁሉን እንቀይረው ስል እጄን ያዘኝ፤ ውሃው ሁሉ ባንዴ ከተቀየረ ይደነግጣሉ አለ። ከዚያ ወደ አባቴ ዞረ።

«መሪጌታ፣ እነዚህ የሚሞቱት በራብ አይደለም፣ በጥጋብ ነው። የተረፋቸው ሁሉ እዚያው ውስጥ ይበሰብሳል። ሦስት ቀን ምንም እንዳይቀምሱ።»

«ሦስት ቀን!» አባቴ ከወንበራቸው ተነሱ። ድምፃቸው ተሰብሮ ነበር፤ እንዲህ ሲሆኑ እናቴን ስንቀብር ብቻ ነው ያየኋቸው። «ሠናይት፣ ሆን ብለው ነው አልሽኝ። በዘጠኝ ዓመቴ ነው አኮፋዳ ያነገትሁት። ከሰላ ድንጋይ ማዶ፣ ውሻው እየነከሰኝ፣ ደጅ ለደጅ ስለ እመብርሃን ስል፣ ብርዱ ከንፈሬን አድርቆት ድምፅ እንቢ ሲለኝ አፌ እንዲህ ነበር።» አፋቸውን ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ አደረጉ። «አንዲት ሴት በሯን ከፍታ እንዲህ ስል አየችኝና መልሳ ዘጋችው። ስልሳ ዓመቱ ነው። የተከፈተ አፍ እያየሁ ዝም ማለት አይሆንልኝም፣ ልጄ።»

አለቀስኩ። ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቄም መጣ፤ አፋቸው ልክ የቀኝ ጌታን ይመስል ነበርና። ሁለቱ ባንድ ጊዜ ሲመጡብኝ አፍንጫዬን በደንብ ልብስ ጨርቅ ጠረግሁ።

ሐቢብ ግን አላለቀሰም፣ አልሳቀም። ከአባቴ ፊት ቁጢጥ አለ። ከንፈሩ በጾም ደርቋል።

«መሪጌታ፣ እኔ ከንጋት ጀምሮ ጠብታ ውሃ አልቀመስኩም። ይኸው አፌ ደርቋል። ወላሂ ርቦኛል። በሶ አይሰጡኝም?»

«ለአንተ? አንተማ ጾመኛ ነህ!» አሉ አባቴ ደንግጠው። «ጾመኛ ይፈተናል እንዴ?»

«ታዲያ እነሱስ?»

አባቴ ሐቢብን አዩ፤ አኳሪየሙን አዩ። ከዚያ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ አለቀሱ ብዬ ልይዛቸው ስጠጋ ለካ እየሳቁ ነው። እየሳቁ፣ እያሳሉ፣ የወደቁበትን ጎናቸውን ደግፈው፣ «አክፍሎት!» አሉ። «ሦስት ቀን! አክፍሎት ይዘዋላ!»

አክፍሎት ከስቅለት እስከ ትንሣኤ እህል ውሃ ሳይቀምሱ የሚቆዩበት ጾም ነው፤ ብርቱ ሰው ብቻ ነው የሚይዘው። የኔ ዓሦች በሁዳዴ አጋማሽ ያዙት።

ከዚያ ወዲህ አባቴ ወንበራቸውን አኳሪየሙ አጠገብ አድርገው ተቀመጡ። እኔ ለሁለት ሳምንት እየሳቅኩ ያለፍኩትን እሳቸው በአንድ ቃል አስቆሙት። እትዬ ደመቀች በሶዋን ቋጥራ መጥታ እጇን ስትዘረጋ፣ «ጾመኞች ናቸው» አሏት። እጇ እሳት እንደነካው ተመለሰ።

«ይቅር በሉኝ፣ መሪጌታ! አላወቅሁም።» ይቅርታ የጠየቀችው ወደ ዓሦቹ ጎንበስ ብላ ነው። «ስንት ሰዓት ነው የሚቀምሱት?»

«አክፍሎታቸውን ሲጨርሱ፣ ከዚያ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።»

ደመቀች ያወቀችውን ሰፈር ያውቀዋል። በሦስተኛው ቀን ውሃው እንደ ጠበል ምንጭ ጠርቶ፣ ተማሪው ቀጥ ብሎ ይዋኛል። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሳሎኔ ሞላ። ሐቢብም ሱቁን ዘግቶ መጣ፤ በቆርቆሮው ፈንታ የተቀቀለ አተር፣ ልጣጩ ወልቆ፣ ተፈርፍሮ፣ ከምስር ፍሬ የማይበልጥ ለእያንዳንዳቸው ብሎ ነበርና አተሩን እኔ ቀቀልኩ። አተር ለወርቃማ ዓሣ ይስማማዋል፤ የጾምም ነው። አባቴ ዳዊታቸውን ዘጉ፣ ሰዓት አዩ፣ ሦስቱን ፍርፋሪ ጣሉ። ተማሪው የመጀመሪያውን ሲውጥ እትዬ ደመቀች እልልታዋን አቀለጠችው። ለአንዲት የአተር ፍርፋሪ! ሴቶቹ ተቀበሏት። ሐቢብ፣ «እኔ ገና እስከ መግሪብ አለብኝ፤ ቀደሙኝ» እያለ ይስቃል። እኔ የስፌት መኪናዬን ተደግፌ ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅኩ። እንዲህ ደስ ያለኝን ቀን ከእናቴ ሞት ወዲህ አላስታውስም።

እነሆ ትንሣኤ ደረሰ። ሦስቱም አሉ፤ ወፍረዋልም። በፋሲካ ጠዋት አባቴ ከቁም ሣጥኑ ላይ ቆርቆሮውን አውርደው፣ «እንኳን አደረሳችሁ» ብለው አንዲት ቁንጥር አስፈሰኳቸው። አንዲት ብቻ፤ ቆጥሬያለሁ።

ሰኞ ጠዋት ከገበያ ስመለስ አባቴ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ባዶ ከረጢት አንግተው ደጃፍ ላይ ቆመዋል።

«አንኮበር ደርሼ ልምጣ» ያሉ ይመስለኛል። እኔ የሰማሁት ግን አንኮበርን ብቻ ነው።

«ቃልዎትስ? ዓሦቹ ሞቱ? ይኸው ሦስቱም! እስከ ትንሣኤ ከከረሙ አላሉም?» ጮህኩ። ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ አላስጨረስኳቸውም። ዘጉት። ደግመው ከፈቱ፤ ጮህኩ። በመጨረሻ ራሳቸውን ነቅንቀው ወጡ፤ ሚኒባሱ ሲሄድ በመስኮት አየሁት።

ያን ቀን አንድም ስፌት አልሰፋሁም። ወንበራቸው ላይ ተቀመጥኩ። ዓሦቹ ከበሩ በኩል ያለው መስታወት ላይ ተደርድረው ቀሩ፤ ብጠራቸውም አልዞሩም። አንዲት ቁንጥር ጣልኩላቸው። ቆይቼ ደግሞ ሌላ። ምን ላድርግ፣ ሌላ የማደርግላቸው ነገር አልነበረኝም።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ፤ በእጅ አይደለም፣ በእንጨት። ስከፍት አባቴ ናቸው። ትከሻቸው ላይ መቋሚያቸው፣ ከረጢታቸው ውስጥ ጸናጽላቸው ይንሿሿል። ጫማቸው የአንኮበር አፈር ለብሷል።

«ቁልፉን በእግሬ ለተተካው መምህር ሰጠሁት» አሉ እየገቡ። «ቤቱ ሰፊ ነው፤ ተማሪ ያድርበት።»

እኔም አፌን ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ አደረግሁ። አባቴ መቋሚያቸውን በስፌት መኪናዬና በአኳሪየሙ መሐል ጥግ ላይ አስደግፈው፣ ጎንበስ ብለው ሦስቱን አዩ።

«ዛሬ ስንት ጊዜ በሉ?»

«... ሁለቴ።»

«ሁለቴ!» ቆርቆሮውን ከእጄ ነጠቁኝ። «ከነገ ጀምሮ አክፍሎት ነው።»

«በበዓለ ሃምሳ ጾም የለም፣ አባዬ።»

«ለሰው ነው። ለነዚህ ሥርዓቱን የማወጣው እኔ ነኝ» አሉና ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ማውለቅ ጀመሩ።